አትላንታ ውስጥ "የኒል ሪድ ቤት" የሚባለውን ሁሉ የሠራው አንድ ሰው ነው እንዴ? (የሄንዝ፣ ሪድ ኤንድ አድለር ቢሮ ታሪክ)

ፒችትሪ_ታክሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ዛሬ ከመኪናና ከኢንሹራንስ ወሬ ትንሽ እንውጣና ስለ ሕንፃ እናውራ። አትላንታ ያላችሁ ፒችትሪ መንገድ ላይ ያለችውን የአምትራክ ባቡር ጣቢያ ታውቋታላችሁ አይደል፣ ያቺ የጡብ ትንሽዬ። መንገደኛ ስጠብቅ በሯ ላይ ስንቴ ቆሜያለሁ። 1918 ነው የተሠራችው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳትምታቱ)። ፕላኗን ያወጣው ሄንዝ፣ ሪድ ኤንድ አድለር የሚባል የአትላንታ አርክቴክት ቢሮ ነው፣ እና ይሄ ቢሮ ታሪኩ በጣም ደስ ስለሚል ነው ክሩን የከፈትኩት።

ባጭሩ እንዲህ ነው። ኒል ሪድ 1885 አላባማ ተወልዶ ማኮን ጆርጂያ ያደገ ልጅ ነው፣ ገና ጎረምሳ ሆኖ ማኮን ውስጥ ከረን ኤሊስ የሚባል አርክቴክት ቢሮ ሥራ ጀመረ፣ ከዛ አትላንታ መጥቶ ዊሊስ ዴኒ ጋ ሠራ። ሃል ሄንዝ የሚባለው ደሞ በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። ሁለቱም ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተማሩ፣ አውሮፓን ዞሩ፣ እና 1909 አትላንታ ተመልሰው ኖርማን ከሚባል በትውልዱ ስዊድናዊ ከሆነ አንጋፋ አርክቴክት ጋር ተጣመሩ። ሽማግሌው ግን በዛው ዓመት ሞተና ልጆቹ ብቻቸውን ቀሩ፣ ቢሮውም ሄንዝ ኤንድ ሪድ ሆነ። 1913 ላይ ሩዶልፍ አድለር ስሙ በር ላይ ተጨመረና ሦስት ሆኑ።

አትላንታ ያኔ እንዴት እንደምታድግ ልንገራችሁ፣ 1900 ላይ 89,872 ሰው ነበራት፣ 1920 ላይ 200,616። በ20 ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የጥጥ ነጋዴው፣ የባንኩ፣ የኮካኮላው ሰው ሁሉ ገንዘብ ይዞ ቤት ይፈልጋል፣ እና ሰዎቹ የፈለጉት የድሮ የቪክቶሪያን ጌጣጌጥ የበዛበት ቤት ሳይሆን ረጋ ያለ፣ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ፣ ዓምድ ያለው ክላሲካል ቤት ነበር። ቢሮው ልክ በሰዓቱ ነው የደረሰው።

ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ባክሄድና ድሩይድ ሂልስ በሚባሉት የሀብታም ሰፈሮች ውስጥ ሰው ሁሉ "ይሄ የኒል ሪድ ቤት ነው" ነው የሚለው። ሰውዬው 1926 ነው የሞተው፣ 40 ዓመቱ ነበር፣ የጭንቅላት ዕጢ። ከ1909 እስከ 1926 17 ዓመት ነው። በ17 ዓመት ያን ሁሉ ቤት አንድ ሰው ብቻውን ሣለው?? እኔ አላምንም፣ እናንተስ?

ሪልቶር_በሥራ_ላይ፦
ሃሃ ወንድሜ እንጀራዬን ልትነካብኝ ነው። በኛ ሥራ "ኒል ሪድ" የሚለው ቃል ማስታወቂያው ላይ ካለ ስልኬ አያርፍም። እውነት ለመናገር ግን ሻጮቹ ራሳቸው ናቸው የሚሉት፣ "እናቴ የኒል ሪድ ነው ትል ነበር" ይሉሃል፣ በቃ። ፕላን አሳየኝ ስትለው የለም። እዚህ ከተማ ሰውዬው ከሞተ በኋላ የተሠራ ቤት ሁሉ በሱ ስም ይጠራል፣ ሙት እየሣለ ነው እንዴ ያስብላል።

ማን_ይሙት_እውነት፦
እና ምን ይገርማል? የሀብታም ቤት ነው፣ የሀብታም ስም ይለጠፍበታል። እኔን የገረመኝ እናንተ አበሾች ለጥጥ ነጋዴ ቪላ እንዲህ መቅለጣችሁ ነው። ደሞ "ክላሲካል" ማለት ኮፒ ማለት ነው፣ ጣሊያን ሀገር ያለውን ቤት እዚህ ጆርጂያ ጫካ ውስጥ ማስቀመጥ ምን አርክቴክትነት አለው? እስቲ አስረዱኝ።

ንድፍ_በእጅ፦
ሰላም ከአዲስ አበባ፣ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ኮፒ ለሚለው ወንድም፣ ኮፒ ቢሆን ኖሮ እንዴት ቀላል ነበር! እነ ሪድ የተማሩት በፈረንሳዮቹ የቦዛር ዘዴ ነው፣ ያኔ ኮሎምቢያም እሱን ነበር የሚያስተምረው። ዘዴው ምን መሰለህ፣ ርዕስ ይሰጥሃል፣ "የአንድ ትንሽ ከተማ ፍርድ ቤት" ምናምን፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኤስኪስ የሚባል መነሻ ንድፍ ታወጣለህ፣ ከዛ ለሳምንታት ስታሳድገው ከመነሻው ሐሳብ መውጣት አትችልም፣ ከወጣህ ወደቅክ። መጀመሪያ የምትፈታው ፕላኑን ነው፣ ሰው በየት ይገባል፣ ከየት ወዴት ያያል፣ ዋናው መስመር የትኛው ነው። የፊቱ ገጽታ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ዓምዱማ መጽሐፍ ላይ ልኩ ተጽፏል፣ ማንም ያወጣዋል፣ ከባዱ ዓምዱን የት እንደምታቆመው ማወቁ ነው።

እኛ አሁን ኮምፒውተር ላይ ነው የምንሠራው፣ እኔ ግን በእጅ መሣል ስለምወድ ስለነዚህ ሰዎች ስሰማ ቅናት ይይዘኛል። ፒችትሪ ቀጥል በናትህ፣ ሌላ ምን ሠሩ?

ፒችትሪ_ታክሲ፦
@ንድፍ_በእጅ አመሰግናለሁ፣ እንዲህ የሚያስረዳ ሰው ነበር የፈለግኩት።

ሌላ የሠሩትማ ብዙ ነው፣ ሰው የሚያስበው ቪላ ብቻ ነው እንጂ ሱቅ፣ ሲኒማ፣ ሆስፒታል፣ አፓርታማ ሁሉ ሠርተዋል። ፒችትሪ ላይ ሃዋርድ ቴያትር የሚባል 1920 የተከፈተ ትልቅ ሲኒማ ነበር፣ 1960 አፈረሱት። አቴንስ ከተማ ማይክል ብራዘርስ የሚባል ሱቅ፣ ማኮን ውስጥ ማሲ አፓርታማ፣ ዳውንታውን አትላንታ ደሞ 1924 የሪችስ ዲፓርትመንት ስቶር።

እኔ እስከገባኝ ሥራ ክፍፍላቸው እንዲህ ነበር፣ ሄንዝ ደንበኛ ያመጣል፣ ገንዘቡንና ቢሮውን ያስተዳድራል። ሪድ ይሥላል። አድለር ሳይቱን ይዞ ግንባታውን ይከታተላል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁለቱ ምንም አያደርጉም ነበር ባይ ነኝ። ግን ስሙ የቀረው የሪድ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም በወጣትነቱ ሞተ፣ መልከ መልካም ነበር፣ ራሱም ሮዝዌል ውስጥ ሚሞሳ ሆል የሚባል ዓምዳም የድሮ ቤት 1916 ገዝቶ ይኖርበት ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳል። ሲፈርምና ሲደራደር የዋለውን ሄንዝን ማን ያስታውሳል?

ጋሼ_ሲሚንቶ፦
ልጆች እንደምን አላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ 30 ዓመት ግድም ሳይት ላይ ነው የኖርኩት፣ ከአናጢ ረዳት እስከ ፎርማን፣ አሁን ልጆቼ ጋ አትላንታ አጠገብ ዲኬተር ነው ያለሁት። የሥራ ክፍፍሉን የጻፍከው ልጅ ትክክል ነህ፣ በተለይ ሳይት የሚይዘውን ሰው ያነሳህ ተባረክ።

እንዲህ ዓይነት ቤት አንድ ጣት ስህተት አይችልም። ዘመናዊ ቤት ላይ ግድግዳው ትንሽ ቢጣመም በጂፕሰም ትሸፍነዋለህ፣ ማንም አያይም። ግራና ቀኙ እኩል ነው ብለህ የሠራኸው ቤት ላይ ግን አንዱ መስኮት ሁለት ጣት ቢወርድ መንገደኛው ሁሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቅር ይለዋል። ኮርኒሱ ጥግ ላይ ሲገናኝ መግጠም አለበት። ዓምዱ ወደ ላይ ሲሄድ እየቀጠነ ነው የሚሄደው፣ ያውም ቀጥ ብሎ ሳይሆን ትንሽ ሆዱን ነፋ አድርጎ፣ እሱን የሚያወጣ አናጢና ለሳኝ ማግኘት ቀልድ አይደለም። ቱንቢና የውሃ ልክ ይዞ ጠዋት ማታ የሚዞር ሰው ከሌለ ሪድ የሣለው ወረቀት ላይ ይቀራል። እና አድለርን አትርሱ ነው የምለው።

ማን_ይሙት_እውነት፦
ጋሼ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን እርስዎ እንዳሉት ለሳኙስ? ግንበኛውስ? ያኔ ጆርጂያ ውስጥ ጥቁር ሠራተኛ ጡብ ተሸክሞ ይሠራል፣ ሠርቶ ሲጨርስ በዛ ሰፈር ቤት መግዛት አይችልም። ድሩይድ ሂልስ ውስጥ የመሬቱ ውል ራሱ ለጥቁር አይሸጥም ይል ነበር። ሪችስ ያላችሁትስ? እዛ 1960 ኦክቶበር 19 ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተማሪዎች ጋር ሆኖ ማግኖሊያ ሩም ሬስቶራንቱ ውስጥ አስተናግዱን ብሎ ነው የታሰረው። ጥቁር ሰው ዕቃ ይግዛ፣ ገንዘቡን ይክፈል፣ ግን ቁጭ ብሎ ምሳ አይበላም። ይሄን ሳትጽፉ "ረጋ ያለ የተመጣጠነ" ትላላችሁ። ምኑ ነው የተመጣጠነው?

የዲኬተሯ፦
እዚህ ላይ ከማን_ይሙት ጋር ነኝ፣ ግን ሕንፃውን ጥሎ መሄድም አይሆንልኝም። የሪችስ 1924ቱ ሕንፃ እኮ አልፈረሰም፣ ፋይቭ ፖይንትስ አጠገብ ሳም ነን ፌዴራል ሴንተር የሚባለው ውስጥ ተካቶ ቆሟል፣ ከማርታ ባቡር ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። ቆሞ ባይሆን ኖሮ ልጄን "እዚህ ነው የታሰሩት" ብዬ የት ላሳያት ነበር?

እና አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ያላችሁ ወላጆች ሁሉ ስኮቲሽ ራይትን ታውቁታላችሁ፣ ልጅ ሲታመም ሌሊት የምንሮጥበት የልጆች ሆስፒታል። አሁን ሳንዲ ስፕሪንግስ ነው ያለው፣ ግን ከ1919 ጀምሮ 1970ዎቹ ድረስ እዚሁ ዲኬተር ኦክኸርስት ሰፈር ነበር፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸውን ልጆች ያክም ነበር። እሱንም ፕላን ያወጡት እነ ኒል ሪድ ናቸው! ሕንፃዎቹ አሁንም አሉ፣ ሶላሪየም የሚባለው ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ዛሬ ሠርግና ስብሰባ ይካሄድበታል። ያኔ ለታመሙ ልጆች ፀሐይና አየር መድኃኒት ነው ይባል ስለነበር ነው ያን ያህል መስታወት። ነርስ ስለሆንኩ ይሄ ነገር ልቤን ነካው። እስካሁን ስለዚህ ቢሮ ያነበብኩት ሁሉ ስለ ሀብታም ሳሎን ነው፣ ስለ ሆስፒታሉ አንድ መስመር ነው የሚጽፉት።

ፒችትሪ_ታክሲ፦
@የዲኬተሯ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ስንቴ መንገደኛ አድርሻለሁ ስኮቲሽ ራይት። በጣም አመሰግናለሁ እህቴ።

@ማን_ይሙት_እውነት ያልከው ሁሉ ልክ ነው ወንድሜ፣ ገንዘቡ የጥጥ ገንዘብ ነው። ግን ኮፒ ነው ላልከው ገና መልስ አለብኝ፣ እሱም ወደ አራተኛው ሰው ይወስደናል። ፊሊፕ ትራመል ሹትዝ።

ሹትዝ 1890 ኮለምበስ ጆርጂያ የተወለደ፣ ጆርጂያ ቴክ 1912 የተመረቀ ልጅ ነው። ገና ተማሪ እያለ እዚሁ ቢሮ ይሠራ ነበር። 1915 ላይ ሮም ፕራይዝ የሚባለውን አሸነፈና ሮም አሜሪካን አካዳሚ ገባ፣ እዛ ሀገር ጦርነቱ እየነደደ እሱ ቪላ ሲለካ ቆየ፣ በኋላም ለአሜሪካ ቀይ መስቀል ሠራ። ሲለካ ስላችሁ በእጁ ነው፣ ሜትርና እርሳስ ይዞ፣ የአትክልቱን ደረጃ፣ የፏፏቴውን ከንፈር፣ የመስኮቱን ክፈፍ ሁሉ። ያን ሁሉ ደብተር ይዞ መጣና 1920ዎቹ ውስጥ ቢሮው ውስጥ ንድፍ ይሠራ ጀመር። አንድሩ ካሁን ለሚባል ሰው የሠራው፣ በሮዝ ቀለሙ የታወቀው የጣሊያን ቪላ 1923 ሲያልቅ የቢሮው ስም ሄንዝ፣ ሪድ ኤንድ አድለር ነው፣ እጁ ግን የሹትዝ ነው። ሰው ግን ያው "ኒል ሪድ" ይላል!

ሪድ ከሞተ በኋላ ቢሮው ሄንዝ፣ አድለር ኤንድ ሹትዝ ሆነ፣ እና 1928 ስዋን ሃውስ አለቀ። ባክሄድ፣ አትላንታ ሂስትሪ ሴንተር ግቢ ውስጥ ያለው። ኤድዋርድና ኤሚሊ ኢንማን የሚባሉ የጥጥ ነጋዴ ባልና ሚስት ነበሩ፣ የድሮ ቤታቸው 1924 ተቃጥሎባቸው ነው ይሄን ያሠሩት። ቤቱ ሁለት ፊት አለው። በአንዱ በኩል መጥተህ ብታየው ቁጥብ ያለ የእንግሊዝ የገጠር ጌታ ቤት ነው፣ አራት ዓምድ ያለው በረንዳ። ዞረህ በአትክልቱ በኩል ብታየው ደሞ ሮም ነው፣ ውሃው ከደረጃ ደረጃ እየወረደ፣ የፈረስ ጫማ የሚመስል ደረጃ በሁለት በኩል ወደ ቤቱ ይወጣል። ሁለቱ ፊት አይጣላም! ከውስጥ ስትገባ አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው አዳራሽና ጠመዝማዛው ደረጃ ነው። እንግሊዝ ውስጥም ጣሊያን ውስጥም እንዲህ ያለ ቤት የለም፣ ታዲያ ኮፒው የምን ኮፒ ነው?

ንድፍ_በእጅ፦
አቦ ይመችህ! እኔ የስዋን ሃውስን ፎቶ ያየሁት ፊልም ላይ ነው፣ የአምባገነኑ ፕሬዚዳንት ቤት ሆኖ። ሁሌ ክላሲካል ቤት የክፉ ሰው ቤት ነው ፊልም ላይ፣ ለምንድነው ግን?

ማን_ይሙት_እውነት፦
@ንድፍ_በእጅ ማን እንደሚኖርበት ስለሚያውቁ ነዋ ሃሃ።

እሺ ስለ ሁለቱ ፊት ያልከውን ፎቶ አየሁት፣ ተንኮለኛ ነው ሰውዬው፣ አልክድም።

ላግሬንጅ_መንገድ፦
እኔ ዌስት ፖይንት ኪያ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ላግሬንጅ ነው ቤቴ። እዚህ ከተማ ሂልስ ኤንድ ዴልስ የሚባል ትልቅ ግቢ አለ፣ እሱም የዚሁ ቢሮ ነው፣ የኒል ሪድና የሄንዝ፣ 1916 ያለቀ። ፉለር ካላዌይ ለሚባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጌታ። ነጭ ቤት ነው ጣሊያን ዓይነት፣ በአንዱ ጎን ግማሽ ክብ ሆኖ የወጣ ዓምዳም በረንዳ አለው።

እኔን ግን የገረመኝ ቤቱ ሳይሆን አትክልቱ ነው። ከቤቱ በፊት የነበረ ነው፣ ሣራ ፌረል የምትባል ሴት 1841 ነው የጀመረችው፣ 60 ዓመት ስትተክል ኖራ ነው የሞተችው። ቁጥቋጦውን እየከረከመች "እግዚአብሔር ፍቅር ነው" ብላ በተክል ጽፋለች፣ አሁንም ይነበባል። ካላዌይ ቦታውን ሲገዛ አትክልቱን አላጠፋውም፣ አርክቴክቶቹም የሴትዮዋ የድሮ ቤት የነበረበት ላይ ነው አዲሱን ያስቀመጡት፣ መስመሩ ከአትክልቱ ጋር እንዲገጥም። እዚህ ክር ላይ የማን ሥራ ነው እያላችሁ ስትከራከሩ ነበር፣ እዛ ቦታ ላይ ከሪድም በፊት ሣራ ነበረች። አሁን ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ከአትላንታ በ85 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ምናምን ነው።

ጋሼ_ሲሚንቶ፦
ይሄ ደስ ይላል። ጥሩ አርክቴክት መጀመሪያ የሚጠይቀው እዚህ ቦታ ላይ ምን አለ ብሎ ነው። የኛዎቹ ዛፉን ቆርጠው ነው ቅየሳ የሚጀምሩት።

ሪልቶር_በሥራ_ላይ፦
ጥያቄ አለኝ፣ ፎክስ ቴያትርንም እነሱ ናቸው የሠሩት የሚል ደንበኛ አለኝ፣ እውነት ነው? ሮድስ ሆልንስ?

ፒችትሪ_ታክሲ፦
@ሪልቶር ሁለቱም አይደሉም። ፎክስ የሌላ ቢሮ ነው፣ ማሪ፣ አልጀር ኤንድ ቪኑር። ሮድስ ሆል ደሞ 1904 የዊሊስ ዴኒ ነው፣ ሪድ በልጅነቱ የሠራበት ቢሮ፣ ምናልባት እሱ ይሆናል የሚያምታታቸው።

ለደንበኞችህ የምትነግራቸው ካለ፣ ወረቀት ይፈልጉ በላቸው። የሹትዝ ወረቀቶች አትላንታ ሂስትሪ ሴንተር ኬናን ሪሰርች ሴንተር ውስጥ አሉ፣ ተቀምጠህ ማየት ይቻላል። ቤቱ ከ1926 በኋላ ከተሠራ ደሞ ወረቀትም አያስፈልግም፣ የሪድ አይደለም።

የዲኬተሯ፦
ስለ ሴት ካነሳችሁ ሊላ ሮስ ዊልበርንን እንዴት ዝም አላችኋት? እሷም ማኮን የተወለደች፣ እሷም 1885፣ ከሪድ ጋር እኩያ ናት ማለት ነው። አትላንታ ውስጥ ብቻዋን ቢሮ ከፍታ ሠርታለች። እሷ የሀብታም ቪላ ሳይሆን የቤት ፕላን በመጽሐፍ አሳትማ ትሸጥ ነበር፣ ተራ ሰው ገዝቶ ለግንበኛው ይሰጣል። ዲኬተርና ካንድለር ፓርክ ውስጥ የምታዩት ትልቅ በረንዳ ያለው ባንጋሎ ብዙው የሷ ነው። "የዊልበርን ቤት" ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሪልቶር ግን ሰምቼ አላውቅም 🙂

ሪልቶር_በሥራ_ላይ፦
ከነገ ጀምሮ እጨምራለሁ 😂

ማን_ይሙት_እውነት፦
እስካሁን ስለ አድለር የተጻፈው ቱንቢ ያዘ የሚል ብቻ ነው። እኔ ትንሽ አንብቤ መጣሁ። ሰውዬው አይሁዳዊ ነው። ስሙ በር ላይ የወጣው 1913 ካላችሁ፣ 1913 አትላንታ ውስጥ ምን ነበር? የሊዮ ፍራንክ ፍርድ፣ ልጅ ገድለሃል ተብሎ የተከሰሰው አይሁዳዊ የፋብሪካ ኃላፊ። ከተማው በአይሁድ ጥላቻ ያበደበት ዓመት ነው፣ 1915 ላይ ሰውዬውን ከእስር ቤት አውጥተው ማሪዬታ ወስደው ሰቀሉት። በዛ ዓመት የአይሁድ ስም በር ላይ መስቀል ለሄንዝም ለሪድም ትንሽ ነገር አይደለም። ሐሜተኛ ብሆንም ያለውን አለ እላለሁ።

ፒችትሪ_ታክሲ፦
@ማን_ይሙት_እውነት ኧረ ይሄን ማንም አላሰበውም! ጎበዝ።

እና ታሪኩ ይቀጥላል። ፒችትሪ ላይ ዘ ቴምፕል የሚባለውን ምኩራብ ታውቁታላችሁ፣ ዓምዶችና ጉልላት ያለው፣ 1931 የተሠራ። የዚሁ ቢሮ ነው፣ ሹትዝ ነው የሣለው። 1958 ኦክቶበር 12 ሌሊት 50 ዱላ ያህል ዲናማይት አፈንድተውበታል። ረቢው ጄከብ ሮትስቻይልድ ለጥቁሮች መብት ይናገር ስለነበር ነው። ደግነቱ ሰው አልነበረም፣ ማንም አልተጎዳም፣ ግን የጎኑ ግድግዳ ተቦደሰ። ተከሰው ነበር፣ በመጨረሻ ማንም አልተፈረደበትም። ሕንፃው ታድሶ እስካሁን ይጸለይበታል። ሹትዝ ያኔ በሕይወት ነበር፣ የሠራው ነገር ሲፈነዳ ማየት ምን ሊመስል ይችላል።

ጋሼ_ሲሚንቶ፦
እግዚኦ።

ንድፍ_በእጅ፦
ከዛስ ቢሮው ምን ሆነ? ተዘጋ?

ፒችትሪ_ታክሲ፦
ሄንዝ 1944 ጡረታ ወጣ፣ አድለር 1945 ሞተ፣ ሹትዝ አርሚስቴድ ከሚባል ሰው ጋር ለጥቂት ዓመት ቀጠለ። ግን ጊዜው ተቀይሯል፣ ከጦርነቱ በኋላ መስታወትና ብረት ነው ሁሉም የሚፈልገው፣ ትምህርት ቤቶቹም ዓምድ መሣል ማስተማር አቆሙ። 1941 ያለቀው አካዳሚ ኦፍ ሜዲሲን የሚባለው ሚድታውን ያለ ነጭ ሕንፃ ከመጨረሻዎቹ ትልልቅ ሥራዎቹ ነው፣ አሁን ጆርጂያ ቴክ ነው የያዘው፣ የተማረበት ትምህርት ቤት መሆኑ ነው።

ሹትዝ ግን ዕድሜ ሰጠው፣ 92 ዓመት ኖሮ 1982 ነው የሞተው። ለብዙ ዓመት ረስተውት፣ ሄንሪ ሆፕ ሪድ የሚባል የኒውዮርክ ጸሐፊ (ከኒል ሪድ ጋር አይዛመድም) 1977 ላይ በሕይወት ካሉት የአሜሪካ ክላሲካል አርክቴክቶች ትልቁ እሱ ነው ብሎ አወጀ። የሰበሰበውን ሸክላና የድሮ ዕቃ ለሂስትሪ ሴንተሩ ሰጠ።

ሌላም አለ፣ ጄምስ ሚንስ። 1917 ገና የ13 ዓመት ልጅ ሆኖ እዚሁ ቢሮ ተላላኪ ሆኖ ገባ፣ እዛው ቢሮ ውስጥ በማየት ተምሮ በኋላ የራሱን ቢሮ ከፈተ፣ 1979 ነው የሞተው። የዛ ቢሮ እጅ በሱ በኩል ነው ወደ ዛሬዎቹ የጆርጂያ አርክቴክቶች የተሻገረው። እና ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁ ይመስለኛል፣ "የኒል ሪድ ቤት" ከሚሉ "የዛ ቢሮ ቤት" ቢሉ ነው የሚሻለው፣ ተላላኪውን ጨምሮ።

ሪልቶር_በሥራ_ላይ፦
"የተላላኪው ቤት" ብዬ ልሽጥላችሁ? ዋጋው ይወድቃል ወንድሜ።

ጋሼ_ሲሚንቶ፦
እኔም በተላላኪነት ነው የጀመርኩት፣ ግንበኞች ሻይ ሳቀብል። ልጁ ገብቶኛል። ሥዕል ክፍል ውስጥ ተላላኪ የሆነ ሰው ስህተቱን ነው በደንብ የሚያየው፣ ለምን የተቀደደው ወረቀት ሁሉ በሱ እጅ ነው የሚወጣው።

ላግሬንጅ_መንገድ፦
ገብተን ማየት የምንችለው የትኛውን ነው? ልጆች ይዤ ነው፣ ቪላው የሰው ቤት ስለሆነ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ማየት አልፈልግም።

የዲኬተሯ፦
ስዋን ሃውስ በቲኬት ነው፣ ሂስትሪ ሴንተሩ ሲያስገባችሁ አብሮ ይታያል፣ ልጆች ግቢው ውስጥ ይሮጣሉ። ባቡር ጣቢያው ማንም ይገባል። ኢስት ሌክ ጎልፍ ክለብ ቤቱ የሹትዝ ነው፣ 1925 ተቃጥሎ በዓመቱ የተሠራ፣ ግን አባል ካልሆናችሁ ከውጭ ነው። ለኔ ቅርቡ ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ያለው ግሌን ሜሞሪያል ቤተ ክርስቲያን ነው፣ 1931፣ እሱም የዚሁ ቢሮ ነው፣ ማማው ከሩቅ ይታያል። ሥራ ስገባ ስወጣ አጠገቡ ነው የማልፈው፣ ከጎኑ ደሞ ትንሽ ቻፕል አለች።

ንድፍ_በእጅ፦
እህቴ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፣ የማማውን ፎቶ በሦስት በኩል አንስተሽ ብትልኪልኝ፣ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ ቁመቱን ለማስላት። ለክፍል ሥራ ልሥለው ነው።

የዲኬተሯ፦
አጠገቡ የሚቆመው ሰው ቁመት ስንት ይሁን? እኔ አጭር ነኝ።

ንድፍ_በእጅ፦
ስንትም ይሁን ብቻ ቁጥሩን ጻፊልኝ፣ ጫማ አውልቀሽ።

ጋሼ_ሲሚንቶ፦
እኔ እሄድልሃለሁ ልጄ፣ ቁመቴ 1.78 ነው፣ ሜትርም አለኝ። ማክሰኞ ልጄ ኤመሪ ሐኪም ጋ ታደርሰኛለች።

ማን_ይሙት_እውነት፦
ጋሼ ፎቶው ላይ ሲቆሙ የጡቡን አሠራርም ይዩልን፣ የለሳኙን ጉዳይ ገና አልጨረስንም።